ቁጥር ያለው ሣጥን

ኦቶሪኖ ባልዳቺ ፍሎረንስ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሙዚየም ጠባቂ ነበር። ስለ ሠዓሊዎቹ ብትጠይቁት አፉ ይያዛል። ሥዕሉን ገልብጣችሁ ጀርባውን ብታሳዩት ግን ቁጥሩን፣ ስንጥቁን፣ ሚስማሩን እንደ ዳዊት ይደግምላችኋል። ተሸክሞ ነዋ የሚያውቀው!

ጦርነቱ ሲከር ሥዕሎቹ በሣጥን ታሽገው ኮረብታ ላይ ባለ አሮጌ ቪላ ተደበቁ። ኦቶሪኖም ሚስቱን ዜሊንዳንና የሦስት ዓመት ልጁን ኢልቫን ይዞ ለጥበቃ ሄደ። ሥዕሎቹ እንዳይሻግቱ ወጥተው ግድግዳ ተደገፉ፤ ባዶዎቹ ሣጥኖች በየቁጥራቸው ተደረደሩ። እያንዳንዱ ሥዕል በመጣበት ሣጥን ይመለሳል፤ ደንቡ ይኸው ነው። አንድ ሳንቃ ቢጎድል ጠባቂው ይጠየቃል።

የዚያ ዓመት ብርድ አያድርስ ነው። በረዶው መንገዱን ዘጋ። ጫካው ፈንጂ ስለተቀበረበት ለማገዶ ደፍሮ የሚገባ ጠፋ። ኢልቫ ሳንባዋን ታመመች። ወንበሩ ተፈልጦ ነደደ፤ አልጋውም ነደደ።

«ሣጥኖቹን ፍለጣቸው» አለችው ዜሊንዳ።

«አብደሻል እንዴ? የመንግሥት ንብረት ነው! ቁጥር አለው።»

«ልጅህስ? እሷ ቁጥር የላትም?»

«ኋላ ሥዕሎቹን በምን ልንመልሳቸው ነው? ታገሺ፣ ነገ ይሞቃል።»

አልሞቀም። በሦስተኛው ቀን ኢልቫ ሞተች። ኦቶሪኖ ቀብሯት ሲመለስ ሣጥኖቹን ቆጠረ። ሠላሳ ሁለት፤ አንድም አልጎደለም። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። የፈሪ ደግ ልጁን ይቀብራል።

ዜሊንዳ እናቷ ቤት ገብታ ጦርነቱ እስኪያልቅ ቆየች። ሲገናኙ ስለ ሣጥኖቹ አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራት። ሥዕሎቹ በደህና የተመለሱት በሣጥኖቹ ነው ብላ፣ በዚህችው ተጽናንታ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረች።

ኦቶሪኖ ጡረታ ሲወጣ ኃላፊው በትንሽ የእንጨት ሣጥን ሜዳልያ ሰጠው። ግብዣው ላይ ፊዮሬንዞ የሚባል የድሮ ጓደኛው ወይን ጠጁ ሞቅ አድርጎት ጨዋታ ጀመረ።

«ሲኞራ ዜሊንዳ፣ ባልዎ እኮ ጉደኛ ነው! ሥዕሎቹን ልናመጣ ስንሄድ ሣጥኖቹን እንደ ወታደር አሰልፎ ጠበቀን። እኛ ደግሞ ሥዕሎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ካሚዮን ላይ ጫንናቸው!»

«ሣጥኖቹስ?» አለች ዜሊንዳ።

«ነቅዘው የለ! ግቢው ውስጥ አነደድናቸዋ። ቋሊማ ጠበስንባቸው፤ ያውም በበጋ ሐሩር፣ ላባችን እየተንጠፈጠፈ! ኦቶሪኖ፣ አንተም በልተሃል፣ እንዳትክድ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዜሊንዳ ባሏን አየችው። ኦቶሪኖ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

ኅዳር ነበርና ቤታቸው ቀዝቅዞ ጠበቃቸው። ዜሊንዳ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሜዳልያውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሣጥኑን በተረከዟ ሰባብራ ምድጃው ውስጥ ለኮሰችው።

«ና፣ ሙቅ» አለችው። «አትፍራ፤ ይሄኛው ቁጥር የለውም።»