ዘሪሁንና የቱሳ ወይራ

ዘሪሁን በማን እንደቀና ለማወቅ አፉን ማዳመጥ ይበቃል፤ የሚቀናበትን ሰው ስም ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አሰላ አብረን ስንማር ባንዲራ የሚሰቅለውን ልጅ ስም እንደዚያ ነበር የሚጠራው። የተወሳሰበውን ገመድ ማለዳ ቀድሞ መጥቶ የሚፈታው ዘሪሁን ነው፤ ሰልፉ ሁሉ የሚያየው ግን የሚጎትተውን ልጅ ነበር። አሁን ሁለታችንም ሸብተናል። የዚያ ልጅ መልክ እንኳ ከእኔ ጠፍቷል። ዘሪሁን ግን ዛሬም ድምፁን ዝቅ የሚያደርግለት ሰው አላጣም። ስሙ ቱሳ ይባላል።

ሁለቱ እዚሁ አሰላ፣ የጭላሎን ተራራ በሚያየው ዳገት ላይ ባለ አንድ ሆቴል የጥገና ሠራተኞች ናቸው። ሆቴሉ ትልቅ የሰርግ አዳራሽ አለው። አየር ጣሪያው ላይ ካለው ማሽን ተነስቶ በሰፋፊ የቆርቆሮ ቱቦዎች ወደ አዳራሹና ወደ መኝታ ክፍሎቹ ይወርዳል። በዋናው ቱቦ ጎን የምሳ ዕቃ የምታህል ሳጥን ተገጥማለች። ከእሷ የወጣ ቀጭን፣ የተበሳሳ ዘንግ ቱቦውን ከውስጥ አቋርጦ ያልፋል፤ ከሚያልፈው አየር ጥቂቱን እየወሰደ ለሳጥኗ ያቀምሳታል። ጭስ ከቀመሰች ማራገቢያውን ታቆማለች። እሷ ባትኖር አንድ ክፍል ውስጥ የተነሳ ጭስ በቱቦው ተጉዞ የተኛውን ሁሉ ያዳርስ ነበር።

የጣሪያው ቁልፍ ለብዙ ዓመታት የተቀመጠው ዘሪሁን ኪስ ውስጥ ነው። በየወሩ ለእንግዳ መቀበያው ይነግርና ይወጣል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የመፈተሻ ጭስ ከጣሳው ይነፋል፤ ማራገቢያው ጸጥ ሲል መልሶ ያስነሳውና ይወርዳል። የጣሳው ጭስ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ታች ያሉት መውጣቱንም መውረዱንም አያውቁም።

አንድ ጊዜ ጣሳው አለቀ፤ የታዘዘውም ዘገየ። ቱሳ ከአርቦዬ፣ ከእናቱ ቤት፣ የወይራ ፍልጥ በፌስታል ይዞ መጣ።

“ይኸውልህ፣ ያ ዘሪሁን፤” አለ በኦሮምኛ አጠራር። “እናቴ የወተት ዕቃ የምታጥንበት ነው።”

“መመሪያው የተፈቀደው ጭስ ብቻ ይላል።”

“መመሪያውን የጻፈው ሰው እርጎ ጠጥቶ አያውቅማ።”

ወይራውን በቆርቆሮ አጭሶ ቱቦው አፍ ላይ ያዘው። ሳጥኗ ማራገቢያውን ወዲያው አቆመችው። ከመቆሙ በፊት ያለፈችው ጥቂት ጭስ ግን አዳራሹ ውስጥ ገባች፤ ቤቱ አሁን እንደታጠነ የወተት ዕቃ ሸተተ። ምግብ አብሳዮቹ ከወጥ ቤት ወጡ። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ወለላ አዳራሹ መካከል ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ።

“የእናቴ ጓዳ መጣብኝ። ማነው ይሄን ያሰበ?” አሉ።

የዚያን ቀን አዳራሽ ሊያዩ የመጡ የሙሽራ ዘመዶች ሽታውን ለሰርጋቸው ለመኑ። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ወለላ ሰርግ በደረሰ ቁጥር “ቱሳ፣ ሳጥኗን አትፈትሻትም?” ይላሉ። የጣሪያው ቁልፍም ወደ ቱሳ ኪስ አለፈ።

“ያን ሁሉ ዓመት ስፈትሻት አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየም፤” አለኝ ዘሪሁን። “እሱ ቤቱን በጭስ ሲሞላው ተጨበጨበለት።”

ጥቂት ሰርጎች እንዳለፉ ዘሪሁን አንድ ነገር አስተዋለ። ከታች ሆኖ ሲያዳምጥ ሽታው አዳራሹን ሞልቶትም ማራገቢያው አይቆምም፤ የሚቆመው ዘግይቶ ነው። ወይዘሮ ወለላ ዘንድ ሄደ።

“እትዬ፣ ወይራው ሳጥኗን እየጎዳት ነው።”

“ዘሪሁን፣ ይሄ ቅናት ነው።”

“ቅናት አይደለም፣ እትዬ።”

“ታዲያ ፊትህ ምን አጠቆረው?”

እሑድ ቱሳ ሥራ ስለማይገባ ቁልፉ መቀበያው ጋ ይቀመጣል። ዘሪሁን ወስዶት ወጣ፤ ሳጥኗን ፈታ፤ ዘንጉን መዝዞ አየው። ቀዳዳዎቹ ቡናማ በሆነ፣ እጅ ላይ በሚጣበቅ ጥቀርሻ ተሸፍነዋል። ገሚሶቹ ጨርሶ ተደፍነዋል።

“መጀመሪያ ደስ አለኝ፤” ብሎኛል። “እንዳለ ልመልሰው አሰብኩ። ሰው ተሰብስቦ ሲያደንቀው ማራገቢያው አልቆም ይለውና ያፍራል ብዬ።”

ግን እፍረቱን እሳት ቢቀድመውስ? ከሱ እግር በታች የሰርግ እንግዶች ተኝተዋል። ዘንጉን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጠበው፤ ሳጥኗን በለስላሳ ብሩሽ ጠረጋት፤ ገጥሞ ወረደ።

በሚቀጥለው ሰርግ ማራገቢያው ቱሳ ገና ጭሱን ሲያስጠጋው ቀጥ አለ። “ማሽኑም ወይራ ለመደ!” አሉ አብሳዮቹ። ዘሪሁን በሚከተለው እሑድ ደግሞ ወጣ። በዚያ በሚቀጥለውም። የሚቀናበትን ሰው ስም በገዛ ብሩሹ እየወለወለ መሆኑን ያውቃል፤ ማቆም ግን አልቻለም። እኔ፣ “ለራሱ ለቱሳ ለምን አትነግረውም?” ብዬው ነበር። “ይስቅብኛል” አለኝ።

አንድ እሑድ ቱሳ የረሳውን ጃኬት ሊወስድ ጣሪያው ላይ ወጣ። ሳጥኗ ተፈትታ፣ ዘንጉን ዘሪሁን እጅ ላይ አገኘው።

“ልትሰብረው ነው፣ ያ ዘሪሁን?”

ዘሪሁን ዘንጉን አቀበለው። ቱሳ ቀዳዳዎቹን ዳሰሰ፤ ጣቱን አሸተተ።

“የኔ ወይራ ነው።”

“ያንተ ነው።”

“ስንት ጊዜ ጠረግከው?”

“ባጨስክ ቁጥር።”

“አትነግረኝም ነበር?”

“ቀንቶ ነው ትላለህ ብዬ።”

“አልቀናህም?”

ዘሪሁን ወደ ጭላሎ አየ። ደመና ነበር፤ ተራራው አይታይም።

“ቀንቻለሁ። ዘንጉ ግን እውነትም ተደፍኗል።”

ቱሳ አልሳቀም። “እንውረድ” አለ።

ዘሪሁን ደረጃውን ሲወርድ የሚለውን እያዘጋጀ ነበር። መመሪያው ምን እንደሚል፣ ማን ሲጠርግ እንደከረመ፤ በቀስታ፣ ሳይቸኩል ሊናገር። ወይዘሮ ወለላ አዳራሹ ውስጥ ወንበር እያስደረደሩ ነው፤ አብሳዮቹም አሉ። ቱሳ ቀደመው።

“እትዬ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ወይራዬ ሳጥኗን ደፍኗታል። ዘሪሁን ባይጠርጋት ኖሮ እሳት ቢነሳም አታውቅም ነበር።”

ወይዘሮ ወለላ ቱሳን በሁለት እጃቸው ያዙት።

“ጥፋቱን በገዛ አፉ የሚናገር ሰው ዛሬ የት ይገኛል?” አሉ። ልብስ አጣቢዋ ዘመናይ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ወይዘሮ ወለላ ወደ ዘሪሁን ዞሩ። “አንተም ተባረክ። ቀድመህ ብትነግረኝ ግን ምን ነበረበት?”

“ነግሬዎት ነበር፣ እትዬ።”

“በቅናት ነዋ የነገርከኝ።”

ወይራው ቀረ። ጣሳው በየጊዜው እንዲገዛ ታዘዘ፤ ቁልፉም ወደ ዘሪሁን ተመለሰ። ከተማው ግን ሳምንቱን ሙሉ ያወራው ስለ ቱሳ እውነተኛነት ነው፤ እኔም ከሁለት ሰው ሰማሁት።

ባለፈው ከሆቴሉ በታች ባለው መንገድ አብረን ስንሄድ ዘሪሁንን ጠየቅኩት።

“ቁልፉ መጣ፣ ሥራው ያንተ ሆነ፣ ሳጥኗም ዳነች። አሁን ምን ቀረህ?”

“እሱ ጥፋት ነበረው፤ ተናዘዘና ከበረ። እኔ የምናዘዘው ጥፋት እንኳ የለኝም።”

“ቅናትህስ?”

“እሱንማ” አለ፣ “አሰላ ሁሉ ያውቀዋል።”