ጂንካ ላይ የተሞከረው ሰዓት

ውባየሁ ጂንካ ውስጥ ሃያ ዓመት ሬዲዮ ሲጠግን ዓይኑም ወገቡም ደክሟል። በ1977 ዓ.ም. የማጎ ፓርክ ሰዎች ዝሆን አንገት ላይ የሚታሰር ሬዲዮ ይዘው ሲመጡበት ውስጡ "አሁንስ በቃኝ" ቢልም እምቢ ማለት አልሆነለትም። ሬዲዮው ዝሆኗ የት እንዳለች ለጠባቂዎች ይነግራል፤ እነሱም ከአዳኞች ቀድመው ይደርሳሉ። ችግሩ ባትሪው ነው። ቀን ከሌት ከሠራ በሁለት ወር ያልቃል፤ ሌላ ደግሞ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ውባየሁ ሬዲዮውን ጠዋት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ቀስቅሶ መልሶ የሚያስተኛ ትንሽ ሰዓት ሊሠራ ተነሳ። ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀላቸውን ዕቃዎች እየበየደ፣ ኃይሉን እንደ ጨው እየቆነጠረ ስድስት ወር ለፋ። ሱቁ ውስጥ አንድ ወር ሙሉ ሞከረው፤ ደቂቃ ዝንፍ አላለም። በሥራው እንደዚያ ኮርቶ አያውቅም።

የማጎ ቆላ ግን ጂንካ አይደለም። ውባየሁ ራሱ በወረደ ቁጥር ሙቀቱን ሲራገም ነው የሚውለው። ለሰዓቱ ግን አላሰበለትም።

ሬዲዮው አንገቷ ላይ ታስሮ ዝሆኗ ከተለቀቀች በኋላ የበና ተወላጁ የፓርክ ጠባቂ ዶላሞ ሁለት ጠዋት ድምፁን ሰማ። ከዚያ ጠፋ። ዶላሞም በአገሩ ቀን እንደሚቆጠረው፣ ዝም ባለ ጠዋት ሁሉ ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጠረ። ቋጠሮው ዘጠኝ ሲሞላ ውባየሁ በጭነት መኪና ወረደ።

"ጋሽ ውባየሁ፣ ያንተ ሬዲዮ ሞተ" አለው ዶላሞ።

ውባየሁ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሦስት ሰዓት አለፈ፣ አራት አለፈ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቲክ፣ ቲክ አለ። ሰዓቱ አልሞተም፤ ሙቀቱ በየቀኑ ሃያ ሃያ ደቂቃ እያዘገየው ነበር። ውባየሁ ከደስታው ብዛት እንባው መጣ። ድምፁን ተከትለው ሄዱ።

ዝሆኗን ወንዝ ዳር ወድቃ አገኟት። ጥርሷ ተፈልፍሎ ተወስዷል። ዶላሞ ሬሳውንና ዱካውን ዞሮ አየ። ገመዱን አወጣና ከመጨረሻው ቋጠሮ ወደ ኋላ ቆጥሮ አራተኛውን በጣቱ ያዘ።

"በዚህ ቀን ነው የገደሏት" አለ።

በዚያ ጠዋት ዶላሞ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ሦስት ሰዓት ሲሞላ ማዳመጫውን አውልቆ ሄዷል። ሬዲዮው አምስት ሰዓት ገደማ ሲናገር የሰማው አልነበረም።

ውባየሁ ተንበርክኮ ሬዲዮውን ከአንገቷ ፈታ። ብሎኑ አስቸገረው። እንደ ልማዱ ባትሪውን ለካው።

ሙሉ ነበር።