አርባ ቀንና ሰባት ሴንቲሜትር

ልብስ ሰፊዋ በየማለዳው የሱቋን በር ከከፈተች በኋላ፣ መጋረጃውን ገና ሳትሰበስብ፣ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ በመቁረጫው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ትዘረጋዋለች። ጠርዙ ላይ ሁለት የነሐስ ምስማሮች አሉ። አናጺ የነበረው አባቷ ነው የመታቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ልክ አንድ ሜትር ነው። የሜትሯን ጫፍ አንዱ ምስማር ላይ ይዛ መቶኛው መስመር ሁለተኛው ላይ ካረፈ አንገቷ ላይ ትመልሰዋለች። ካላረፈ ሦስት ቦታ ቆራርጣ ትጥለዋለች። ሜትር በየቀኑ ሲጎተት ይለጠጣል፤ ቁጥሮቹ ግን አብረውት ስለሚለጠጡ ማንም ልብ አይለውም።

«ፊቱ ላይ ምንም አታዪበትም» ትላለች። «ቁጥሩ ሁሉ በየቦታው ነው። ልኩ ብቻ ነው የጠፋው።»

በዚህ የተነሳ ሰፈሩ «ሜትር» ይላታል፤ በዕድሜ የሚያንሷት ደግሞ «እትዬ ሜትር»። ሠላሳ ዓመት ሰፍታለች። ማን እንዳረገዘች ከባሏ ቀድማ ታውቃለች፣ ማን በሐዘን እንደከሳ ከወንድሞቹ ቀድማ ታውቃለች፤ ሁሉንም ከወገብ ነው የምታውቀው፤ ለማንም አትናገርም።

ሌላም ሥርዓት አላት። አንድ ጊዜ አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሱሪው ጠቦት «አሳንሰሽ ለክተሽኝ ነው» ብሎ በሰው ፊት አዋርዷታል። ከዚያ ወዲህ ቁጥር አታነብም። ሜትሩን ታዞራለች፣ ደንበኛው አጎንብሶ ራሱ ያነባል፣ የመለኪያ መዝገቡን የያዘችው ታናሽ እህቷ የሰማችውን ትጽፋለች። ከዚያ ወዲያ ሱሪ ቢጠብ ሰውየው የሚጣላው ከገዛ አፉ ጋር ነው።

በሚሰፋው ልብስ ላይ ቁልፍ የምትተክለው ታናሽ እህቷ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ልቧ ታማሚ ነው። በየማለዳው ትልቋ ሜትሯን ስትዘረጋ ትንሿ አንዲት ነጭ ክኒን በውሃ ትውጣለች። እናታቸው ስትሞት «አደራሽን» ያለችው ስለዚህች ክኒን ነበር። ልብስ ሰፊዋም አደራውን ጠበቀች፤ «ዋጥሽ?» ማለት ግን «ደህና አደርሽ?» ማለት መስሏት ሃያ ዓመት አለፈ።

እንግዲህ መልእክተኛው የገባው በዚህ በኩል ነው።

ሰውየውን ሰፈሩ ያውቀዋል። ከሰባት ዓመት በፊት በትንሽ የጭነት መኪና ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ፍራሽ ይሸጥ ነበር። «ዛሬ ብቻ፣ ነገ የለም፣ ጀርባችሁን አድኑ» እያለ ሕፃን ያስነሳ ነበር። ሁለት ዓመት ጠፍቶ ሲመለስ ጺም አብቅሎ፣ ነጭ ለብሶ፣ ራሱን መልእክተኛ ብሎ መጣ። «ዛሬ ብቻ፣ ነገ የለም» የሚለውን አልተወም፤ የሚያድነውን ነገር ግን ከጀርባ ወደ ነፍስ አዛውሮታል። ማን እንደላከው ለጠየቀው ሰው «የላከኝ ያውቀኛል» ብሎ መለሰ። ላኪው እስከ ዛሬ መጥቶ አልመሰከረም። የሚሰብክበት አዳራሽ የድሮው የፍራሽ መጋዘን ነው፤ ሰው ሲበዛ አሁንም የስፖንጅ ሽታ ይሸታል።

ትንሿ እህት አንድ ቀን ከጎረቤት ጋር ሄደች። መልእክተኛው እጁን ራሷ ላይ ጭኖ «ልጄ፣ ደክሞሻል» አላት። ሌላ ምንም አላለም። ቤት ገብታ ስታወራው ዓይኗ እንባ አቅሮ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ እየቆረጠች «ቆመሽ ነው የዋልሽው፣ ምን አዲስ ነገር ነገረሽ?» አለቻት። ያን ቃል ብትውጠው ኖሮ ብላ ኋላ ብዙ ተጸጽታለች።

ከዚያ መልእክተኛው አዋጅ አስነገረ። ከአዳራሹ ኋላ ባለች ክፍል ተዘግቶ አርባ ቀን እህል ሳይቀምስ ውሃ ብቻ እየጠጣ ሊከርም ነው። በአርባኛው ቀን ሲወጣ ያመኑበት ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን እፊቱ በሚቀመጥ ቅርጫት ውስጥ ይጥላሉ፤ ከዚያ ወዲያ አያስፈልጋቸውም።

«እኔም እጥላለሁ» አለች ትንሿ።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። «ዶክተሩ ምን እንዳለሽ ረሳሽው? ካቋረጥሽው ሳምንት አትቆዪም ብሎሻል።»

«ዶክተሩ ራሱ ሞቷል።»

«እሱ መኪና ገጭቶት ነው የሞተው።»

«ሞቷል አልኩ እንጂ በምን አላልኩም። እታለም፣ አርባ ቀን ሙሉ ሳይበላ በእግሩ ቆሞ ለሚወጣ ሰው እኔን ከአንዲት ክኒን ማላቀቅ ምን ይከብደዋል?»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን መልሳ አነሳች። የእህቷ ሕይወት የተንጠለጠለው በአንድ ፍራሽ ሻጭ ሆድ ላይ መሆኑ ገባት።

መልእክተኛው ደግሞ ሲወጣ የሚለብሰውን ነጭ ካባ ያዘዘው እሷው ዘንድ ነው። ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ምክትሉን አስከትሎ መጣ። ምክትሉ ድሮ ፍራሽ ያወርድ የነበረው ሰው ነው፤ አሁንም ሲቆም ትከሻውን ለሸክም ያዘጋጃል። ካባው ከአንገት እስከ እግር በቁልፍ የሚዘጋ፣ ክሳቱ ለሕዝብ እንዲታይ ወገቡ ላይ ገጠም ያለ እንዲሆን አዘዘ። ሜትሩ ዞረ፣ መልእክተኛው አጎንብሶ «አንድ መቶ ሁለት» አለ፣ ትንሿ ጻፈች።

«ሲወጡ ይሰፋቸዋልና ከአሁኑ ሦስት ጣት አጥብቢው» አለ ምክትሉ።

«ያልለካሁትን አልሰፋም። ይውጡና እናጠባዋለን» አለች ልብስ ሰፊዋ።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መስተዋቱ የጠቆረ መኪና የሱቁ ጓሮ በር ላይ ቆመ። መልእክተኛው ለልክ መምጣቱ ነው። በምክትሉ ትከሻ ተደግፎ፣ ዓይኑን ግማሽ ከድኖ፣ አጥንቱ እንዳይሰበር እንደሚፈራ ሰው ቀስ እያለ ወረደ። በሩ ጋ ያሉትን ሁለት ደረጃዎች ግን በአንድ እርምጃ ወጣቸው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ልብ አለች።

«መዝገቡን ይዘሽ ነይ» ብላ እህቷን ጠራች።

ትንሿ ሻሿን አስተካክላ፣ አንገቷን ደፍታ መጣች። መልእክተኛው የላይኛውን ኮት ሊያወልቅ እጁን ሲያነሳ ከደረት ኪሱ የጥርስ መጎርጎሪያ ወደቀ። ምክትሉ ወዲያው ረገጠው። ሠላሳ ዘጠኝ ቀን እህል ያልነካ ጥርስ መሐል ምን ይገባ ይሆን ብላ ልብስ ሰፊዋ በልቧ ጠየቀች።

ካባው ከአንገት ጀምሮ እየተቆለፈ ደረት ላይ በሰላም ደረሰ። ወገብ ላይ ቆመ። ምክትሉ ግራና ቀኙን ይዞ ሳበው።

«አባታችን፣ ትንሽ ይተንፍሱ።»

«ተንፍሻለሁ።»

«ደግመው ይተንፍሱ።»

ቁልፉ ገባ። መልእክተኛው ግን አየር ሳይስብ መኖር አልቻለምና ሲስብ ቁልፉ ተፈናጥሮ ከትንሿ እግር ሥር ወደቀ። አነሳችው። በአራት ክር ደርባ የተከለችው የገዛ ሥራዋ ነበር።

«ጨርቁ ተሰብስቧል» አለ ምክትሉ።

«ውሃ አልነካውም።»

«እንግዲያው ያ ሜትርሽ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ዘረጋችው። መቶኛው መስመር ምስማሩ ላይ አረፈ።

«ምስማሩስ?» አለ ምክትሉ።

«እሱም ጾም ላይ ከርሞ ተራምዶ ይሆናላ» አለች። ወደ መልእክተኛው ዞራም «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እጅዎን ከፍ ያድርጉ» አለችው። ሜትሩን በወገቡ ላይ አዞረች። «ያንብቡልን።»

«ዓይኔ በጾም ደክሟል።»

«እኔ ላንብብ» ብሎ ምክትሉ ቀረበ።

«የሚያነበው ደንበኛው ነው። የቤቱ ሥርዓት ነው።»

መልእክተኛው አጎነበሰ። ለማጎንበስም ተቸገረ፤ በመሐል የነበረው ነገር አላስጎነብስ አለው። ብዙ አየና በለሰለሰ ድምፅ «አንድ መቶ ሁለት» አለ።

እርሳሱ አልተንቀሳቀሰም። ትንሿ እህት ከትከሻው አጠገብ ቆማ ሜትሩን ታየዋለች። «አባቴ» አለች፣ ለመሰማት ያህል ብቻ፣ «መቶ ዘጠኝ ነው የሚለው።»

«ልጄ» አለ መልእክተኛው፣ ሳይቆጣ፣ «በሥጋ ዓይን መቶ ዘጠኝ ነው። በመንፈስ መቶ ሁለት ነው።»

«ካባውን የሚለብሱት በየትኛው ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ምክትሉ «አስፊው» አለና ኮቱን አለበሰው። በወጡ ጊዜ ልብስ ሰፊዋ መዝገቡን ገለጠች። ትንሿ እንደ ሥርዓቱ የሰማችውን «መቶ ሁለት» ብላ ጽፋለች። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «መቶ ዘጠኝ» የሚል አለ።

«ውሃ ይሆናል» አለች ትንሿ። «ውሃ ብቻ ሲጠጣ ሰውነት ያብጣል ይባላል።»

«ይሆናል» አለች ትልቋ። ምላሷ ላይ ስንት ነገር መጥቶ ነበር፤ የተገፋ ሰው እንደሚሮጥ ግን ታውቃለች። ካባውን ከጎንና ጎን ፈታ ሰባት ሴንቲሜትር አስገብታ ሰፋችው። ልብስ ልብስ ነው፤ ማንም ይልበሰው መዝጋት አለበት። ትንሿም ቁልፏን መልሳ ተከለች።

በአርባኛው ቀን ጠዋት ትንሿ ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ የክኒን ጠርሙሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ያን ዕለት ክኒን አልዋጠችም። ልብስ ሰፊዋ «ዋጥሽ?» አላለችም። ከሄደች በኋላ ሜትሯን ጠረጴዛው ላይ አራት ጊዜ ዘረጋች። አንድ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች።

ቀትር ላይ ጎረቤቷ የሆነችው ፀጉር ሠሪ ከአዳራሹ እያለከለከች መጣች።

«እትዬ ሜትር፣ አመለጠሽ። አጥንታቸው ብቻ ነው የቀረው። ነፋስ ይወስዳቸዋል።»

«እሳቸውን የሚወስድ ነፋስ ከመጣ ጣራችንን በድንጋይ እንጫነው።»

«አንቺ በሁሉም ትቀልጃለሽ። ካባው ራሱ እንዴት ሰፍቷቸው እንደሚወዛወዝ ብታዪ።»

«አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያሰፋሁት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እህቴን አየሻት?»

«ቅርጫቱ ጋ ሰልፍ ላይ ነበረች» አለች ፀጉር ሠሪዋ። መርፌው የልብስ ሰፊዋን ጣት ወጋ።

ትንሿ የመጣችው ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። ተቀመጠች። ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁለቱ ምስማሮች መሐል አስቀመጠችው።

«ተራዬ ደረሰ» አለች። «እጁን ራሴ ላይ ጫነ። ‹ልጄ፣ ጣይው› አለኝ።»

«እሺ።»

«ቁልፏ ዓይኔ ፊት ነበረች። ያቺ በአራት ክር የተከልኳት። ሲተነፍስ ክሯ ይሳባል፣ ሲተነፍስ ይሳባል። ‹አባቴ፣ ወገብዎ ስንት ነው?› አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«‹ቀጣይ› አለ።»

ልብስ ሰፊዋ መሳቅ ፈልጋ ነበር። እህቷ ግን ማልቀስ ጀመረች። «እጁ ሞቃት ነበር፣ እታለም» አለች። «በደንብ ሞቃት ነበር።»

«ብዬሽ አልነበር?» የሚለው ቃል ጥርሷ ድረስ መጣ፤ ዋጠችው። ተነሥታ እጇን እህቷ ራስ ላይ አደረገች። እንዲህ ያለ ነገር ምን ያህል እንደሚቆይ ስለማታውቅ ቶሎ አነሳችው፤ ከዚያ መልሳ ጫነችው።

«ክኒኔን ልዋጥ። ጠዋት አልዋጥኩም» አለች ትንሿ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«መጀመሪያ ፊትሽን ታጠቢ።»

ታጥባ መጣች፣ ዋጠች፣ ቁልፍ መትከሏን ቀጠለች። ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ ነው። መልእክተኛውም አለ። በየዓመቱ አርባ ቀን ይዘጋል፣ በየዓመቱም ካባው ይሰፋል፤ የሚያሰፋው ግን መንገዱን ተሻግሮ ያለች ሌላ ሰፊ ጋ ነው። ያቺ ሴት ቁጥሩን የምታነበው ራሷ ናት፣ ዓይኗም የመንፈስ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ቅርጫት መድኃኒታቸውን ከጣሉት ሁለቱ ሞተዋል፤ እምነታቸው ስለጎደለ ነው ተብሏል። እምነት የሚለካበት ሜትር ያለው ደግሞ እሱ ብቻ ነው፤ ምስማር ላይ ዘርግቶ ሲያየው ያጋጠመው የለም።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ እጅጌ እየሰፋች ለእኔ ለምጽፈው ሳትሸሽግ ነገረችኝ። ዳይሬክተሩ እንዳዋረዳት እንኳ ይጻፍ አለች። «ይቺን ብቻ ተዪያት፤ ሜትር የለካችውን ቁጥር ራሷ አላመነችም ይሉኛል» ያለችው አንዲት ነገር አለች። በአርባኛው ቀን ጠዋት እህቷ ፀጉሯን ስታበጥር ክኒኖቹን በመርፌ ሣጥኗ ውስጥ ደብቃቸው ነበር፤ የመለሰቻቸው እህቷ ፊቷን ስትታጠብ ነው። ትንሿ ቅርጫቱ ፊት በእጇ ጨብጣው ቆማ፣ ሳትጥለው ይዛው በተመለሰችው ጠርሙስ ውስጥ የነበሩት፣ ሲነቀነቅ እንዳይታወቅ በክኒኖቹ ቁጥር ልክ የተቆጠሩ ሃያ ሦስት ነጭ የልጅ ሸሚዝ ቁልፎች ነበሩ።