ለሞተሩ ሲባል የተዘጋው መስኮት

ይህ የሆነው ካቻምና ክረምት፣ ነቀምቴ አጠገብ ባለችው ጉቴ፣ ወላጆቼ ቤት ነው። እኔ ብዙ ነገር ይረሳኛል። ይሄን ግን አልረሳሁትም። ሰማይ ሲጠቁርና ሰው ተሯሩጦ መስኮቱን ሲዘጋ ባየሁ ቁጥር ያ ክረምት ይመጣብኛል።

ታላቅ ወንድሜ ገመቹ አንገር ጉቲን በምትባል ከተማ መምህር ነው። ሞተር ሳይክል አለው። በጋውን በሞተሩ እየተመላለሰ ያሳልፋል፤ ክረምት ሲገባ ግን የጉቲን መንገድ ጭቃ ሆኖ ሞተር ቀርቶ እግረኛም ይውጣል። እሱም ክረምት ክረምት ዲግሪውን ይማራል። ስለዚህ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሞተሩን እየገፋ ግቢያችን ገባና፣ "እስከ መስከረም ቤት ውስጥ ይቀመጥልኝ" አለ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው እናትና አባቴ የሚተኙበት፣ እንግዳም የሚቀመጥበት ነው። የጓዳው የኔ ነው። የኔ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ እርጥበት የማይወድ ነገር ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው። በዚያ ዓመት ጎተራው ማፍሰስ ስለጀመረ አባቴ መስከረም ላይ ሲወደድ ልሸጠው ብሎ ያቆየውን በቆሎ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ግድግዳዬ ሥር ደርድሮት ነበር። በዚያ ላይ ሞተሩ ተጨመረ። አልጋዬ ጥግ ድረስ ተገፋ።

ገመቹ ሞተር ማስተኛት ያውቅበታል። ታንከሩ ውስጡን እንዳይዝግ ነዳጅ ጢም አድርጎ ሞላው። ባትሪውን ነቀለ። አይጥ እንዳይገባ የማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ አፍ በፌስታል ጠቀጠቀ። ጎማዎቹ ወለል እንዳይነኩ ከሥሩ ሳንቃ አደረገ። እናቴ ደግሞ ለእንግዳ ያስቀመጠችውን አንሶላ ከሳጥን አውጥታ አለበሰችው። ያን አንሶላ ለኔ አንድም ቀን አውጥታው አታውቅም።

"መስኮቱ እንዳይከፈት" አለ ገመቹ። "እርጥበት ከገባ ይዝጋል። ሌባም ያየዋል።"

"እኔስ?" አልኩት።

"አንቺ አትዝጊም።"

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፣ ልዋሽ አልችልም።

ሐምሌ ላይ በቆሎው ነቀዘ። አባቴ ከገበያ በወረቀት የተጠቀለለ ግራጫ ክኒን ይዞ መጣ። ሻጩ "ከረጢቱ ውስጥ ጣል አድርገህ ማፈን ነው" ብቻ ነው ያለው። አባቴም እንደተባለው በየከረጢቱ ውስጥ እየጣለ፣ ከላይ ላስቲክ አልብሶ ጨረሰ። ማታውን ክፍሌ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት፣ የከረመ ዓሣም ዓይነት ሸተተኝ። ስናገር እናቴ "መድኃኒት ነው፣ ይለቅቃል" አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ደረቴን እንደ ቀበቶ ጠበቀኝ። ወጥቼ ጓሮ አስመለሰኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ከሰዓት ላይ ውጭ ውጭ ስል ይሻለኛል፤ ጠዋት ግን ይመለስብኛል።

እናቴ ሦስት ቀን አየችኝ። በአራተኛው ቀን ጓሮ ድረስ ተከትላኝ መጣች። ቤታችን የምናወራው ኦሮምኛ ነው።

"ኢንተላ ኮ፣ ማል ታቴ?" አለች። ልጄ፣ ምን ሆነሻል ማለቷ ነው። ድምጿ ግን ልጄ የሚል አልነበረም።

"ራሴን ያመኛል። የክፍሉ አየር አልተስማማኝም።"

"ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚያምሽ አየር ምን ዓይነት ነው?"

ምን እንዳሰበች ገባኝ። ማልኩ። አላመነችም። እጄን ይዛ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የሽንት ብልቃጥ ይዤ ተራዬ እስኪደርስ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ልጇን ልታስከትብ መጥታ ነበር፤ እኔንም አየች፣ በእጄ የያዝኩትን ብልቃጥም አየች። በአራት ቀን ውስጥ ወሬው የጸሎት ቤታችን መዘምራን ጋ ደረሰ። ኳየር ውስጥ ስምንት ዓመት ዘምሬያለሁ። መሪያችን "ለጊዜው አረፍ በይ፣ ነገሩ እስኪጠራ" አለኝ።

ምርመራው እርግዝና የለም አለ። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጠኝ። እናቴ ውጤቱን በጆሮዋ ሰምታ እንኳ ለአዴ ጫልቱ "የጨጓራ ነው" ስትል ዓይኗን ሰብራ ነበር። ሰውም ዓይኗን አመነ።

እኔ ደግሞ የሚያመኝ ያ ክፍል እንደሆነ አውቃለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ የሞተሩ ቤንዚን ነበር የመሰለኝ። ስለዚህ እነሱ ሲተኙ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ሳይነሱ እዘጋለሁ። በከፈትኩ ቀን ጠዋት ይሻለኛል። ሳልከፍተው እንቅልፍ ከወሰደኝ ደግሞ ጓሮ ሳስመልስ ነኝ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አባቴ "ነቀዙ አልሞተም" ብሎ ክኒኑን ደገመው። ያን ሳምንት መስኮቱን ወለል አድርጌ ነው የተኛሁት። ዝናቡ ገብቶ የሞተሩን አንሶላ አራሰው። ጠዋት እናቴ ደረሰችብኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ ለፍቶ ያገኘውን ነገር በምቀኝነት ልታበሰብሺው ነው?"

"መተንፈስ አቅቶኝ ነው፣ እማዬ!"

"እኛ በአንድ ጣራ ሥር ሆነን እየተነፈስን አይደለም እንዴ?"

ወዲያው ለገመቹ ደወለች። እሱም ስልኩን ስጪያት ብሎ፣ "ራስሽ ምንም አልሠራሽም፣ የኔን ለምን ታበላሺያለሽ?" አለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቤታችን ውስጥ ክርክር ሁሉ በዚህ ነው የሚዘጋው። እናቴ መስኮቱን በሚስማር ልትመታው ነበር። ሚስማሩን አውጥታ አስቀመጠችውም፤ መዶሻውን ጎረቤት ተውሶት ነበርና ቀረ። እኔም መክፈቴን ቀጠልኩ። ሰደቡኝ፣ ከፈትኩ። አኮረፉኝ፣ ከፈትኩ።

መስከረም ሲጠባ ገመቹ መጣ። ሞተሩን በበዓል ልብሱ ሊነዳው አወጣው። ባትሪውን ገጠመ። ፌስታሉን ከማርሚታው አወጣ። ቁልፉን ሲያዞር መብራት እንኳ የለም። በእግሩ መታው፣ መታው፣ ላብ አሰመጠው። ከዚያ ቆመና እኔን አየ። አባቴም እኔን አየ። እናቴ ማየትም አላስፈለጋትም፣ ክረምቱን ሙሉ ስትለው የከረመችው ነው።

"ደስ አለሽ?" አለ ገመቹ።

መካኒክ ተጠራ። ኦቦ ዋቅጋሪ ይባላል፣ እዚያው ጉቴ የሚሠራ ትልቅ ሰው ነው። መጀመሪያ ካንዴላውን አየ፣ ደህና ነው አለ። ነዳጁንም አየ። ቀጥሎ መቀመጫውን አንስቶ የሽቦውን ላስቲክ በምላጭ ሰነጠቀው። ውስጡ ያለው መዳብ ከሰል መስሏል። በጥፍሩ ሲነካው ተቆረጠ።

"እርጥበት ነው፣ አይደል?" አለ ገመቹ። "መስኮት ስትከፍት ከርማ ነው።"

"እርጥበት እንዲህ አያደርግም" አለ ኦቦ ዋቅጋሪ። ቀና ብሎ ወደ ክፍሌ ገባ። ከረጢቶቹን አየ። ላስቲኩን ገለጥ አድርጎ አሸተተ። "የነቀዝ ክኒን ጨምራችሁበታል?"

"አዎ፣ ሁለት ጊዜ" አለ አባቴ።

"ጉቲን እህል ነጋዴዎች ጋ ይሄንኑ አይቻለሁ። ክኒኑ ጋዝ ነው የሚሆነው። ጋዙ መዳብ ይበላል፤ ሬዲዮም አይተርፍለትም።" ከዚያ ዓይኑ ጥግ ላይ ያለው አልጋዬ ላይ አረፈ። "እዚህ የሚተኛ ሰው አለ እንዴ?"



"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ክረምቱን ሙሉ?"

"ክረምቱን ሙሉ።"

"ተዘግቶ?"

"እየከፈትኩ።"

ጭንቅላቱን ይዞ ከረጢቱ ላይ ሊቀመጥ ሲል ትዝ አለውና ተነሳ። "ዋቀዮ፣ አምላኬ! ባትከፍቺው ኖሮ አንድ ቀን ጠዋት ሬሳሽን ነበር የሚያወጡት።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ገመቹ መሬት መሬት አየ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ጠየቀ፦

"ሽቦው ይቀየራል?"

ይሄን ቃል ነው የማልረሳው። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ግራ ሲገባው አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው፤ አውቃለሁ። ግን አፉ ላይ የመጣለት ሽቦው ነው።

"ሽቦ ይቀየራል፣ ኦቦ" አለ መካኒኩ። "ልጅቷን ሐኪም ቤት ውሰዷት።"

ሽቦው በማግስቱ ከነቀምቴ መጣ። እኔ ሐኪም ቤት የሄድኩት በሳምንቱ ነው፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ብቻዬን።

የዚያኑ ሳምንት እሑድ እናቴ ጸሎት ቤት ምስክርነት ልስጥ ብላ ተነሳች። ልጄን ያለ ኃጢአቷ ጠርጥሬያት ነበር፣ ይቅር በሉኝ ልትል ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ማይኩን ያዘችና አለቀሰች። ልጇ መርዝ ውስጥ ተኝታ እንደከረመች ተናገረች። "ጌታ ግን ሌሊት ሌሊት መስኮቱን ይከፍት ነበር!" አለች። ሕዝቡ እልል አለ። አዴ ጫልቱ መጥታ አቀፈችኝ። የኳየር መሪው በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ እንድመጣ ነገረኝ። ስለ ሽንቱ ምርመራ፣ ስለ ሚስማሩ፣ ምቀኛ ስለመባሌ አንድም ቃል አልተነሳም።

ልምምድ አልሄድኩም። ጥቅምት ላይ ነቀምቴ ክፍል ተከራየሁ፣ አሁን ልብስ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባለፈው ሰኔ ገመቹ ደውሎ "አንቺ ጋ ወለሉ ሲሚንቶ ነው አይደል?" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

እግዚአብሔር ስላተረፈኝ አመሰግነዋለሁ፣ ከልቤ ነው። ለእናቴ ግን እስካሁን አልነገርኳትም፤ እዚህ ታንብበው። እማዬ፣ መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እየተሰደብኩ።