የርግብ አብራሪ ቃልና የሶላሩ ድጎማ

ባሌ አቡ ሀይሰም እዚህ ዮርዳኖስ፣ ኢርቢድ ከተማ ገበያ ውስጥ አይስክሬም ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ምላሱ ግን አይታመንም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አገሩ ሁሉ ነው። ጣራው ላይ ርግብ የሚያበርር ሰው ፍርድ ቤት ቢመሰክር ቃሉን ማንም አይቀበለውም ይባላል። የጎረቤቱን ርግብ አባብሎ ያስገባና ባለቤቷ ሲመጣ «ወላሂ አላየኋትም» ይላላ! አባቴ ይህን እያወቀ ዳረኝ። ነፍሱን ይማረውና፣ አይስክሬም ይወድ ነበር።

ባለፈው በጋ አይስክሬሙን ከደንበኛው ይልቅ የመብራት ቆጣሪው በላው። መንግሥት ሶላር ለሚያስገቡ ሱቆች የዋጋውን እኩሌታ እደጉማለሁ ሲል ባሌ ሮጦ በዱቤ አስተከለ። ድጎማው የሚለቀቀው ግን መሐንዲስ መጥቶ ካየ በኋላ ነው፤ ደንቡም ሶላር ያለበት ጣራ ላይ እንስሳ ማርባት ይከለክላል። ድጎማው ከቀረ ሶላሩን በዱቤ የሸጠልን ነጋዴ ማቀዝቀዣዎቻችንን ጭኖ ይሄዳል። ማቀዝቀዣ የሌለው አይስክሬም ሻጭ ደግሞ ምኑን ይሸጣል?

«ርግቦቹን ሽጣቸው» አልኩት።

«ልጆችህን ሽጥ በይኛ!»

«ልጃችን ሀይሰም ሲወለድ የት ነበርክ? እዚያው ጣራ ላይ፣ አንተ ሰውዬ!»

ከሁሉ የባሰችው አንዲት ነጭ ናት። «ሙሽራዬ» ይላታል። እኔን በሠርጌ ዕለት እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

መሐንዲሱ በሚመጣበት ቀን ባሌ ርግቦቹን ወደ ሰማይ ለቀቀ፣ የርግቦቹን ቤት በኔ ምንጣፍ ሸፈነ፣ ሶላሩንም አጠበ። ሁሉንም አሰበ፤ አንዱን ብቻ ረሳ። ርግብ ጌታዋን ጣራ ላይ ቆሞ ካየችው መውረድ ልማዷ ነው። እሱ ደግሞ እንግዳ አክባሪ ልሁን ብሎ መሐንዲሱን ራሱ ይዞት ወጣ፤ እኔም ከኋላ ተከተልኳቸው። የሶላሩ ሰሌዳዎች ጋ ገና ሳይደርሱ መንጋው ዱብ ዱብ አለ።

«የማን ናቸው?» አለ መሐንዲሱ።

«እኔ እንጃ! የመንገድ ርግቦች ናቸው፤ ወላሂ ገና ዛሬ ማየቴ ነው» አለ ባሌ። ሙሽራይቱ ይኼኔ ትከሻው ላይ ተቀምጣ ጆሮውን በመንቁሯ ትነካካለች።

«ባለቤት ከሌላትማ እኔ እወስዳታለሁ» አለና መሐንዲሱ ቀስ ብሎ ያዛት፤ ቦርሳውም ውስጥ ከተታት።

ጣውንቴ ሄደችልኝ ብዬ እልል ልል ነበር። ግን የባሌን ፊት አየሁት። እናቱን ሲቀብር እንኳ እንደዚያ አልሆነም፤ አንጀቴን በላው። ቢሆንም ማቀዝቀዣዎቹን አሰብኩና ክንዱን ቆነጠጥኩት። መሐንዲሱ ደረጃው ጋ ሲደርስ ግን አልቻለም።

«ቁም! የኔ ናት! ሁሉም የኔ ናቸው፣ ዋሽቻለሁ! ድጎማውም ገደል ይግባ!»

እዚያው ዘጭ አልኩ። አለቀልን!

መሐንዲሱ ተመለሰና ርግቧን እጁ ላይ አስቀመጠለት። «ርግብ አብራሪ ነህ ማለት ነው?»

«ነኝ።»

«የርግብ አብራሪ ቃል ደግሞ ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ቅድም ያልከውንም አሁን ያልከውንም አልሰማሁም። እኔ ያየሁት ሶላር ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ይሠራል።» እዚያው ፈረመ። «በየማለዳው ግን ኩሱን ታጥባለህ። ሳልናገር እመጣለሁ!»

እኔ ሞኝ አይደለሁም። «መሐንዲስ፣ ርግብ አያያዝ የት ተማሩ?» አልኩት።

«ዘርቃ ከተማ፣ እቤቴ ጣራ ላይ።»

«ታዲያ የእርስዎ ፊርማስ ተቀባይነት አለው?»

«ቀስ ይበሉ፣ ኡም ሀይሰም! መሥሪያ ቤቴ አልሰማም» ብሎ ደረጃውን ወረደ።

ይኸው ድጎማው ተለቀቀ፤ ማቀዝቀዣዎቹም በቦታቸው ናቸው። በቤቴ አንድ ብርጭቆ አጥቦ የማያውቅ ሰው በየማለዳው ባልዲና መጥረጊያ ይዞ ጣራ ላይ ነው። ትናንት ወጣሁና፣ ሆዴን ሲበላኝ የከረመውን ጠየቅሁት።

«እኔን ይዞኝ ቢሄድ ኖሮስ እንደዚያ ትጮህ ነበር?»

መጥረጊያውን ጣለ። «ወላሂ፣ ገና ቦርሳውን ሳይከፍት ነበር የምጮኸው!»

የርግብ አብራሪ ቃል ነው፤ ፍርድ ቤት አይቀበለውም። እኔ ግን ተቀበልኩት።