ትከሻው የተወሰደበት ዛፍ

አጎቴ ጠዋት ጠዋት መጋዙን ከማንሳቱ በፊት የቀኝ እጁን ጓንት ያወልቃል። ከዚያ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ይዳስሳል። እዚያ ላይ ቅርፊቱ አበጥ፣ ሸብሸብ ይላል። አጎቴ «ትከሻ» ይለዋል። ዳሶ ሲጨርስ ጓንቱን መልሶ ያጠልቅና ወደ ሥራው ይገባል። ሠላሳ ዓመት ዛፍ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ቦታውን በዓይኑ ብቻ መለየት አያቅተውም። ሆኖም ሳይዳስስ ሲቆርጥ አንድም ቀን አላየሁትም።

የሥራ ጓደኞቹ ምላጭ ይሉታል። ስሙ የወጣለት በጉብዝናው ጊዜ ነው። ያኔ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ከግንዱ ጋር እኩል አድርጎ ልሙጥ ነበር የሚያደርገው። የመንገድ ዳር ዛፎች አሁን ተላጭቶ የወጣ አገጭ ይመስሉ ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል፤ አለቆች ያሞግሳሉ። «እሱ የቆረጠው ላይ ዝንብ ብታርፍ አዳልጧት ትወድቃለች» ይባል ነበር። ዛሬም በዚያ ስም ሲጠሩት አቤት ይላል፤ ግን ቀና ብሎ አይደለም።

ያ አቆራረጥ ስህተት ነበር። ስህተት መሆኑን ያወቀው ማዘጋጃ ቤቱ ለሁለት ቀን ሥልጠና በላካቸው ጊዜ ነው። አሠልጣኟ አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ወፍራም ሴት ነበረች አሉ። አንድ የተጋደመ ግንድ ለሁለት ሰንጥቃ አሳየቻቸው። ከውጭ ልሙጥና ቆንጆ የነበረው ጠባሳ ከውስጥ ውሃ እንደነካው ዳቦ ሆኗል።

«ዛፍ ቁስሉን የሚዘጋው በዚህ እብጠት ነው» አለች። «እሱንም አብራችሁ ከወሰዳችሁበት በምን ይዝጋ?»

ከባድ ቅርንጫፍ እንዴት በሦስት ቁርጥ እንደሚወርድም ያስተማረችው እሷ ናት። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ከታች ወደ ላይ ሲሶውን መሰንጠቅ፤ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ቆርጦ መጣል። እንዲህ ሲሆን ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ገሽልጦ አይሄድም። የቀረው ጉማጅ መጨረሻ ላይ ይነሳል፤ ትከሻው ሳይነካ። ቁስሉ ላይ ቀለም መቀባት ደግሞ የለም። አጎቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ፤ ለአዳዲሶቹ ሠራተኞችም ያስተማረው እሱ ነው። ቀድሞ ስለቆረጣቸው ዛፎች ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ከእነዚያ አንዱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የቆመው ትልቁ ዛፍ ነው። አንድ ነፋሻ ከሰዓት፣ ከአሮጌው ጠባሳ አጠገብ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የዘበኛው ቤት ላይ ወደቀ። ዘበኛው ክንዱ ተሰበረ።

የማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ መዝገብ አገላበጠ። ዛፉ ላይ መጨረሻ የወጣው ቀጭኔ ነው። ቀጭኔ የአጎቴ የሥራ ጓደኛ ነው፤ ስሙን ያገኘው በቁመቱ ነው። ሃያ ዓመት አጎቴ ከላይ፣ ቀጭኔ ከታች ሆነው ሠርተዋል፤ ቀጭኔ ገመድ ይይዛል፣ መንገደኛ ያግዳል። ከአደጋው በፊት በነበረው ዓመት አጎቴ ታሞ ሲተኛ፣ ቀጭኔ ተክቶት ወጥቶ ጥቂት ደረቅ ጭራሮ ለቅሞ ፈርሞ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ሁሉንም ዛፉ ሥር ሰበሰባቸውና አጎቴን «አንተ ነባር ነህ፤ እስቲ አስረዳን» አለው።

አጎቴ መሰላል ላይ ወጥቶ ጠባሳውን አየ። የገዛ እጁን ሥራ ነው የሚያየው።

«ይህን የቆረጠ ሰው ትከሻውን አብሮ ወስዶታል» አለ። «የበሰበሰው ለዚህ ነው።»

«ያለፈው ዓመት ቁርጥ ሊሆን ይችላል?»

እንዲህ ያለ ብስባሽ በአንድ ዓመት እንደማይመጣ አጎቴ ከማንም በላይ ያውቃል።

«ሊሆን ይችላል» አለ።

መሰላሉን ከታች ይዞለት የነበረው ቀጭኔ ነው።

ጥፋቱ በቀጭኔ ተቆጠረ፤ የመውጫ ቀበቶውን አስረከበ፤ መጥረጊያ ተሰጠው። ሁለት ዓመት ቅጠል ጠረገ። አጎቴ የትምህርት ቤቱን መንገድ ትቶ በገበያው ዞሮ ወደ ቤት መምጣት ጀመረ። ገበታ ላይ ዝም ሲል የአጎቴ ሚስት «ምነው፣ ምላስህን ዛፍ ላይ ረስተኸው መጣህ?» ትለዋለች።

አንድ እሑድ «ብቻዬን አልችልም፣ ነይ አብረን እንሂድ» አለኝና ቀጭኔ ቤት ሄድን። ቀጭኔ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የተነቀለ የወንበር እግር በመዶሻ ይመታል። ሚስቱ «ኧረ ምላጭ፣ ምን እግር ጣለህ!» ብላ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችን።

አጎቴ ሳል ሳል አደረገ። «ያ የትምህርት ቤቱ ዛፍ...»

«እ።»

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከሥልጠናው በፊት።»

ቀጭኔ መዶሻውን አላቆመም። «ገመዱን ማን የያዘልህ መሰለህ?»

«ታውቅ ነበር?»

«ከላይ ሆነህ ‹አየህ፣ እንዴት እንዳማረ› ስትለኝ፣ ‹አማረ› ያልኩህ እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ያንተን ንጋት ግን እንቅልፍ ጣለው።»

ሚስቱ ሳቀች፤ እኛ አለመሳቃችንን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

«ፊቴን ወዴት ላድርገው?» አለ አጎቴ።

«እዚያው ይቀመጥ እንጂ ምን ታደርገዋለህ። ሌላ አይሸጥም።»

ስንወጣ በር ድረስ ሸኘን። የአጎቴን እጅ ይዞ «ለእኔ ነገርከኝ፤ እኔ ግን አውቅ ነበር» አለው። «ለማያውቁት ንገር።»

አጎቴ ቢሮ ሄዶ ተናገረ። ኃላፊው በሩን ዘግቶ «ፋይሉ ተዘግቷል፣ ምን ቆርጦህ ታነሳዋለህ?» ቢለው፣ «ይከፈት» አለ። በዚያ ዘመን ልሙጥ አድርጎ የቆረጣቸውን አሥራ ስድስት ዛፎች መንገድ በመንገድ ቆጥሮ አስመዘገበ። ሦስቱ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ማንንም ሳይጎዱ ተቆርጠው በገመድ ወረዱ። ቀጭኔ ቀበቶው ተመለሰለት። ለአጎቴ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፤ ያስተማራቸው ሠራተኞች ከበው ሲያነቡት እሱም ከኋላ ቆሞ አነበበው።

ይህን ልጻፍ ብዬ ስጠይቀው «ሁሉንም ጻፊው» አለኝ፤ ምላጭ መባሉንም፣ «ሊሆን ይችላል» ማለቱንም። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። «‹ቢሮ የሄደው በማግስቱ ነው› በይ» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ።

የሄደው ከአራት ወር በኋላ ነው። ከቀጭኔ ቤት ስንወጣ የተሰማው እፎይታ ነበር፤ እስከዛሬ አውቆ ዝም ያለ ሰው ከእንግዲህም ዝም ይላል ብሎ። በእነዚያ አራት ወራት ቀጭኔ አጎቴ ከሚሠራባቸው ዛፎች ሥር ቅጠል እየጠረገ፣ በየጠዋቱ ቀና ብሎ «እንደምን አደርክ» ይለው ነበር።