የአባቴ እግር ሲያዝ

አባቴ ዳባት አጠገብ ባለች የገጠር ደብር መሪጌታ ነበሩ። ሕመሙ የጀመራቸው ከግራ ትከሻቸው ነው። ብርድ ነው ብለን በቅቤ አሻሸናቸው፣ ወጌሻም አያቸው፣ አልተሻላቸውም። ቀጥሎ ሲራመዱ ግራ እጃቸው መወዛወዙን ትቶ ከጎናቸው ተጣብቆ ቀረ። ድምፃቸውም አነሰ። የመሪጌታ ድምፅ ሲያንስ ከሰው አይደበቅም፤ ተማሪዎቻቸው ጠጋ ጠጋ ብለው መቀመጥ ጀመሩ። እጃቸው የተንቀጠቀጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እኔ ደባርቅ አስተማሪ ነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየሄድሁ ቤታቸውን አስተካክል፣ ልብሳቸውን አጥብ ነበር። ጎረቤቱ ጠበል ውሰጃቸው አለኝ፤ ተጠመቁ። ሐኪም ቤትም እንሂድ ስላቸው እንቢ አላሉም። «ሁለቱ መቼ ተጣሉ?» አሉኝ።

ጎንደር ያየቻቸው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። በኮሪደሩ ሂደው እንዲመለሱ አደረገቻቸው። አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር እንዲያጋጩ ጠየቀቻቸው፤ ጥቂት አጋጭተው ጣቶቹ ደከሙ።

«ፓርኪንሰን ይባላል፤ የአንጎል ሕመም ነው» አለች። «አይድንም፣ ግን በመድኃኒት ይያዛል።»

«ትከሻዬስ?» አሉ አባቴ።

«እሱም ከዚሁ ነው። ጡንቻው ስለሚገተር ያምዎታል። ሲያምዎ ይናገሩ እንጂ ችለው አይቀመጡ።»

«እኛ የተማርነው መቻልን ነበር» አሉ። እሷ ፈገግ ብላ መድኃኒቱን ጻፈች። በሰዓቱ መዋጥ እንዳለበት፣ ከከባድ ምግብ ጋር እንዳይገናኝ፣ ሰዓቱ ካለፈ ሰውነታቸው እንደገና እንደሚደርቅ ደጋግማ ነገረችን።

መድኃኒቱ ሠራ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትከሻቸው ለቀቅ አለ፤ ጥምጥማቸውን ያለ ሰው እርዳታ መጠምጠም ቻሉ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። ቅዳሜ ስሄድ ደኅና ሆነው አገኛቸዋለሁ። አንድ ዓርብ ግን ትምህርት ቀርቶ ስለነበር ሳልነግራቸው ሄድሁ፤ የደረስሁት እኩለ ቀን ላይ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። የግራ እግራቸው ጣቶች ወደ ታች ተቆልምመው ደርቀዋል፣ ግንባራቸው በላብ ርሷል።

«መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ዋጡ?» አልኋቸው።

«ገና ነኝ።»

«ገና ማለት?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እውጣለሁ። ጾም አይደል?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ቅዳሜና እሑድ ጾሙ በጠዋት ስለሚፈታ መድኃኒቱን በጊዜ ይወስዳሉ፤ በአዘቦቱ ቀን ግን ውሃም ወደ አፋቸው አያስጠጉም፤ እኔ ደግሞ የማያቸው ቅዳሜን ብቻ ነው። አልተከራከርኋቸውም። ውሃ አሙቄ በጨርቅ እግራቸውን ያዝሁላቸው፣ ውስጥ እግራቸውን መሬት አስረግጬ ከላይ ጫን አልሁት። ጣቶቹ ቀስ በቀስ ተፈቱ። ከዚያ ወጥቼ የነፍስ አባታቸውን ጠራሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የሚኖሩ፣ ከአባቴ ጋር የተማሩ ሽማግሌ ቄስ ናቸው።

ቄሱ ገብተው ከአጠገባቸው ተቀመጡ። «መሪጌታ፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ መጥቶ ቢጠይቅዎ ምን ይሉት ነበር?»

«ክኒንህን ዋጥ እለው ነበር።»

«እርስዎስ?»

«ለሌላው መፍረድ ይቀላል» አሉ አባቴ በዚያ ባነሰ ድምፃቸው። «ለራሴ ስፈርድ ሆዴን የወደድሁ ይመስለኛል።»

«ምሳ ይብሉ ማን አለ? ክኒን ነው።»

አባቴ ሳቁ፤ ከሳቁ ሰንበት ብለው ነበር። ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመው «እኔ ፈትቼዎታለሁ። ስግደቱንም ይተዉት፤ በፈንታው ዳዊት ይድገሙ» አሏቸው። ውሃ አቀረብሁ፤ ዋጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ በጾም ምክንያት የመድኃኒቱን ሰዓት አላሳለፉም።

ከፋሲካ በኋላ ሌላ ነገር መጣ። እሑድ ጠዋት ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ሲገቡ የበሩ ደፍ ላይ እግራቸው ተያዘ። ከወገባቸው በላይ ወደ ፊት ያዘነብላሉ፣ እግራቸው ግን መሬቱ ላይ እንደ ተተከለ ነው። ከኋላ ሰው ቆሟል። እኔ ደንግጬ ክንዳቸውን ሳብሁ፤ ለጥቂት በግንባራቸው ከመውደቅ ተረፉ። አንድ ዲያቆን ደግፎ አስገባቸው።

ሐኪሟ ይህን ስንነግራት አልገረማትም። በር፣ ጠባብ ቦታ፣ የሰው ግርግር እንደሚያባብሰው ነገረችን። «አትሳቢያቸው» አለችኝ። «ሲያዙ ይቁሙ፣ ይረጋጉ። ከዚያ አንድ፣ ሁለት ብለው በልባቸው እየቆጠሩ በምቱ ይርገጡ። ምት ይረዳል።»

«ቁጥር ለምን? የመቋሚያው ዝማሜ እያለኝ» አሉ አባቴ።

በሚቀጥለው እሑድ ደፉ ላይ ደርሰው ተያዙ። እኔ እጄን ሰበሰብሁ። ቆሙ፤ መቋሚያቸውን ድንጋዩ ላይ ዝቅ ከፍ እያደረጉ መቱት፤ ከአፋቸው የማይወጣ ዜማ ያዙ። ቀኝ እግራቸው ተነሣ፣ ግራው ተከተለ፣ ገቡ። ፊታቸው በሕመሙ ስለ ደረቀ ደስ ብሏቸው እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ዘዴው ሁልጊዜ አይሠራም፤ የመድኃኒቱ ኃይል ባለቀ ሰዓት ዜማም አያንቀሳቅሳቸውም። ቢሆንም እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ በገዛ እግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይገቡ ነበር።

ከዚያ ብቻቸውን መኖር ስላልቻሉ ወደ ደባርቅ አመጣኋቸው። ሰውነታቸው እየደረቀ ሲሄድ መድኃኒቱ ተጨመረ። አንድ ቀን ምሳ እያጎረስኋቸው «እነዚያ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሰዎች አይበሉም?» አሉኝ። ጥግ ላይ ማንም የለም። አልፈሩም፤ እንግዳ ሳይበላ እንዳይቀር ነው ያሰቡት። ሐኪሟን በስልክ ስጠይቃት ይህ ከመድኃኒቱ መብዛት ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝና መጠኑን ቀነሰችው። ሰዎቹ መምጣት ተዉ፣ ድርቀቱ ግን ተመለሰ።

«ሄዱ?» አልኋቸው።

«ሄዱ» አሉ። «ክፉ አልነበሩም፤ ዝምተኞች ናቸው።»

«ድርቀቱ ባሰብዎ። መድኃኒቱን መልሰን እንጨምረው እንዴ?»

«አይሆንም። ሰውነቴ ቢደርቅ ይሻላል፤ አእምሮዬን ልያዝ።»

እንዳሉት አደረግን። አሁን ጠዋት ሲነሡ አልጋቸው ላይ ሳሉ ክኒኑን እሰጣቸዋለሁ፤ እስኪሠራ ግማሽ ልብስ ለብሰው ይጠብቃሉ። ከዚያ ፀሐይ ወዳለበት ግድግዳ ወጥተን እንቀመጣለን። ጥሩ ቀን ከሆነ እስከ አስፋልቱ ተራምደን እንመለሳለን፤ ካልሆነ እዚያው እንውላለን።